በራቸው ተነቅሎ ለሚነዱ የመስክ ተሽከርካሪዎች የጎን መስታወት አማራጮች

በራቸው እንዲነቀል ተደርገው የሚሠሩ የመስክ ተሽከርካሪዎች በሩ በሚወልቅበት ጊዜ በተለምዶ ስፖኪዮ የሚባለውን የጎን መመልከቻ መስታወትም አብረው ያጣሉ። በመሆኑም አሽከርካሪው ከኋላና ከጎን የሚመጣውን ተሽከርካሪ የሚያይበት ምትክ ስፖኪዮ ሳይገጥም ወደ አስፋልት መንገድ ቢወጣ ራሱንም ሆነ ሌላውን የመንገድ ተጠቃሚ ለአደጋ ያጋልጣል።

ይህ ጉዳይ በተለይ ጎልቶ የሚታየው በአሜሪካ ነው። በዚያ ጂፕ ራንግለር የተባለው ተሽከርካሪ በበጋ ወራት በሩና ጣሪያው ተነቅሎ ሲነዳ ማየት የተለመደ ነው። ለዚሁ ዓላማ የሚውሉ ልዩ ልዩ ስፖኪዮዎች በገበያ ላይ ይገኛሉ። ይሁን እንጂ በዋጋና በመልክ ብቻ የሚመረጥ ስፖኪዮ አሽከርካሪው የሚፈልገውን ዕይታ ላይሰጥ ይችላል። ምርጫው ሊመሠረት የሚገባው ስፖኪዮው በየት ላይ እንደሚታሰር፣ በጉዞ ላይ ሳይንቀጠቀጥ መቆም መቻሉና የሚያሳየው ስፋት ምን ያህል እንደሆነ በማየት ነው።

የበር አልባ ጉዞ አመጣጥ

ጂፕ የሚለው ስም በኢትዮጵያ ለማንኛውም የመስክ ተሽከርካሪ መጠሪያ እስከመሆን የደረሰ ነው። የስሙ ባለቤት የሆነው የመጀመሪያው ተሽከርካሪ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በዊሊስ-ኦቨርላንድና በፎርድ ኩባንያዎች ለአሜሪካ ጦርና ለአጋሮቹ ከ600 ሺህ በላይ የተመረተው ቀላል ወታደራዊ መኪና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 በብዛት መመረት የጀመረው ይህ መኪና የብረት በር አልነበረውም። ወታደሩ ፈጥኖ እንዲገባና እንዲወርድ የጎኑ አካል ዝቅ ተደርጎ የተሠራ ነበር። የአሽከርካሪው ስፖኪዮ በግራ በኩል ከፊት መስታወቱ ክፈፍ አጠገብ የታሰረ ክብ መስታወት ስለነበር የበር አለመኖር በዕይታ ላይ ችግር አላስከተለም።

ከጦርነቱ ማብቂያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1945 ለሲቪል አገልግሎት የሚውለው ሞዴል ለገበያ ቀረበ። የዚህ ዝርያ ወራሽ የሆነው ራንግለር ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1987 ሞዴል ሆኖ ወጣ። ተሽከርካሪው እየዘመነ ሲሄድ ሙሉ የብረት በር ተበጀለት፤ ይሁንና በሩ በባለቤቱ እጅ ሊነቀል የሚችል መሆኑ እንደ መለያው ተጠብቆ ቆይቷል። ለውጡ የታየው በስፖኪዮው ቦታ ላይ ነው። ራንግለር በተከታታይ ትውልዶቹ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ሞዴል የጀመረውን ትውልድ ጨምሮ፣ ስፖኪዮውን የተሸከመው በበሩ ላይ ነው። በመሆኑም በሩን የነቀለ ባለቤት ሁለቱንም ስፖኪዮዎች አብሮ ቤቱ ትቶ ይወጣል።

ባለቤቶች በሩን የሚነቅሉት በሙቀት ወቅት ነፋስ ለማግኘት ብቻ አይደለም። በዩታ ግዛት በሞአብ ከተማ ዙሪያ ባሉት የድንጋይ መንገዶችና በካሊፎርኒያ ግዛት በሚገኘው ሩቢኮን በተባለው አስቸጋሪ መንገድ አሽከርካሪው ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ጎማው የሚያርፍበትን ድንጋይ በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። በሩ ሲነሳ ይህ ዕይታ ይከፈታል፤ በጠባብ መተላለፊያ ላይም በሩ ከቋጥኝ ጋር ተጋጭቶ አይጎዳም። በሞአብ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በፋሲካ ሰሞን የሚካሄደው የጂፕ ጉዞ ዝግጅት ይህን ዓይነቱን አነዳድ የሚወዱ ሰዎች የሚገናኙበት ነው።

በድንጋያማው መንገድ ላይ ፍጥነቱ የሰው እርምጃ ያህል በመሆኑ የስፖኪዮ አለመኖር ብዙም አያሳስብም። አሳሳቢው ወደዚያ የሚያደርሰውና ከዚያ የሚመልሰው የአስፋልት ጉዞ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተሽከርካሪ በ1 ሰከንድ ውስጥ 28 ሜትር ገደማ ይሄዳል። አሽከርካሪው ስፖኪዮ ስለሌለው ፊቱን አዙሮ ለ2 ሰከንድ ወደ ኋላ ቢመለከት ከፊቱ ያለውን ሳያይ ከ55 ሜትር በላይ ተጉዟል ማለት ነው። በዚህ ርቀት ውስጥ ከፊቱ ያለው መኪና ፍሬን ሊይዝ፣ እግረኛም ወደ መንገዱ ሊገባ ይችላል።

የሕግ ድንጋጌዎች

በአሜሪካ የተሽከርካሪ መመልከቻ መስታወትን የሚመለከተው የፌዴራል ደኅንነት ደረጃ ቁጥር 111 ነው። በዚህ ደረጃ መሠረት ቀላል የመስክ ተሽከርካሪዎች ከሁለት መንገዶች አንዱን ማሟላት ይጠበቅባቸዋል። የመጀመሪያው ለቤት አውቶሞቢሎች የተቀመጠውን የውስጥና የጎን መስታወት መመዘኛ ማሟላት ሲሆን፣ ሁለተኛው በግራና በቀኝ እያንዳንዳቸው ከ126 ካሬ ሴንቲ ሜትር የማያንስ ገጽታ ያላቸው ዝርግ ስፖኪዮዎችን መግጠም ነው። ስፖኪዮው ወደ ጎንም ሆነ ወደ ላይና ወደ ታች የሚስተካከልና በጽኑ ድጋፍ ላይ የታሰረ መሆን እንዳለበትም ደረጃው ይደነግጋል።

ለቤት አውቶሞቢሎች በተቀመጠው መመዘኛ በአሽከርካሪው በኩል ያለው ስፖኪዮ ዝርግ ሆኖ፣ ከአሽከርካሪው ዓይን 10.7 ሜትር ወደ ኋላ ባለው ቦታ ላይ ከተሽከርካሪው ጎን እስከ 2.4 ሜትር ድረስ ያለውን የመንገድ ገጽ ማሳየት አለበት። በተሳፋሪው በኩል ያለው ግን ጎባጣ ሊሆን ይችላል። ጎባጣ በሚሆንበት ጊዜ በመስታወቱ ላይ የሚታዩት ነገሮች ከሚታዩት ይልቅ ቅርብ መሆናቸውን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ሊጻፍበት ይገባል።

ይህ የፌዴራል ደረጃ በዋናነት የሚመለከተው አምራቹን ነው። የንግድ ጋራዦችና ሻጮችም በፋብሪካ የተገጠመን የደኅንነት መሣሪያ እያወቁ ከአገልግሎት ውጭ እንዳያደርጉ በሕግ ተከልክለዋል። ባለቤቱ በራሱ ግቢ በሩን ሲነቅል ግን ይህ ክልከላ አይደርስበትም። ከዚያ በኋላ ተሽከርካሪው በመንገድ ላይ ምን ሊኖረው እንደሚገባ የሚወስነው የየግዛቱ የትራፊክ ሕግ ሲሆን፣ ሕጉም ከግዛት ግዛት ይለያያል።

ለአብነት ያህል የካሊፎርኒያ ሕግ በግዛቱ የሚመዘገብ ተሽከርካሪ ሞተር ብስክሌት ካልሆነ በስተቀር ቢያንስ ሁለት መመልከቻ መስታወት እንዲኖረውና አንዱ በግራ በኩል የታሰረ እንዲሆን ያስገድዳል። የቴክሳስ ሕግ በበኩሉ ከተሽከርካሪው በስተኋላ ቢያንስ 61 ሜትር ገደማ የሚያሳይ አንድ መስታወት እንዲኖር ይጠይቃል። ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው በካሊፎርኒያ ያለ ግራ ስፖኪዮ መንዳት ደንብ መተላለፍ ሲሆን፣ በቴክሳስ ግን የውስጡ መስታወት በቂ ዕይታ እስከሰጠ ድረስ ሕጉ የሚጠይቀው ተሟልቷል።

ሕጉን ማሟላት በሁለቱም ጎን ያለውን ዕይታ ማሟላት ማለት አለመሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የውስጡ መስታወት በቀጥታ ከኋላ ያለውን ያሳያል፤ ከጎን ባለው ረድፍ የደረሰውን ሞተር ብስክሌት ግን አያሳይም። በሁለቱም ግዛቶች ሕግ የተፈቀደለት አሽከርካሪ በቀኝ በኩል ረድፍ ሲቀይር የሚያይበት ስፖኪዮ ላይኖረው ይችላል።

ከዚህም ሌላ የጂፕ አምራች ኩባንያ በተጠቃሚ መመሪያው ላይ በር የመንቀል አሠራር የተዘረዘረው ከመደበኛ መንገድ ውጭ ለሚደረግ ጉዞ ብቻ መሆኑን፣ በሩ የሚሰጠው መከላከያ ስለሚቀር በሕዝብ መንገድ ላይ ያለ በር መንዳት እንደማይገባ ያስጠነቅቃል። ስፖኪዮ መግጠም የዕይታን ችግር የሚፈታ እንጂ በጎን ግጭት ጊዜ የበሩን ሥራ የሚተካ አይደለም።

በገበያ ላይ የሚገኙ አማራጮች

በአሁኑ ወቅት በጥቅም ላይ የሚውሉት ምትክ ስፖኪዮዎች በአስተሳሰራቸው በአራት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው በበሩ ማጠፊያ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ዓይነት ነው። በሩ ተነስቶ ሲወጣ በተሽከርካሪው አካል ላይ የሚቀረው የማጠፊያው ግማሽ ባዶ ቀዳዳ ይኖረዋል። የስፖኪዮው እግር በዚሁ ቀዳዳ ገብቶ ይጠብቃል። ለመግጠምና ለማውጣት ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚበቃው በመሆኑ በሩን ለአንድ ቀን ብቻ ለሚነቅል ባለቤት ይመቻል። ጉድለቱ አንድ እግር ብቻ ስላለው በነፋስ ግፊት ቀስ በቀስ ሊዞርና በሞተሩ ንዝረት ሊንቀጠቀጥ መቻሉ ነው። በሩ ሲመለስም ቀዳዳው ለበሩ ስለሚያስፈልግ ስፖኪዮው መውጣት አለበት። በቀላሉ የሚወጣ ነገር በቀላሉ ሊሰረቅ እንደሚችልም መዘንጋት አይገባም።

ሁለተኛው ከፊት መስታወቱ ክፈፍ ሥር ባለው ማጠፊያ ላይ በብሎን የሚታሰረው ነው። ነባሩ ብሎን ወጥቶ የስፖኪዮው መያዣ ከሥሩ ይገባና እንደገና ይጠበቃል። በሁለትና ከዚያ በላይ በሆነ ብሎን የሚያዝ በመሆኑ ከመጀመሪያው የተሻለ ጽናት አለው። በሩ ቢኖርም ባይኖርም በቦታው ሊቆይ ስለሚችል ባለቤቱ በየጊዜው ከመግጠምና ከመፍታት ይድናል። ይሁን እንጂ ከመግዛት በፊት በሩ ሲከፈት ከስፖኪዮው ክንድ ጋር የማይነካካ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የፊት መስታወቱን ወደ ፊት አጥፎ የሚነዳ ሰው ደግሞ መያዣው ከሚታጠፈው ክፈፍ ጋር ሳይሆን ከማይንቀሳቀሰው የአካሉ ክፍል ጋር የሚታሰረውን መምረጥ ይኖርበታል።

ሦስተኛው የፋብሪካውን ስፖኪዮ ከበሩ አውጥቶ ወደ ተሽከርካሪው አካል የሚያዛውር መያዣ ነው። ይህ አማራጭ በአሮጌ ራንግለሮች ባለቤቶች ዘንድ ተመራጭ ሆኖ ቆይቷል። ዋነኛ ጥቅሙ አሽከርካሪው የለመደውንና ለመኪናው ተመዝኖ የተሠራውን ትልቅ ስፖኪዮ ይዞ መቀጠሉ ነው። በአዳዲሶቹ ሞዴሎች ላይ ግን ስፖኪዮው በኤሌክትሪክ የሚስተካከልና የሚሞቅ ሊሆን ስለሚችል ሽቦው አብሮ መዛወር አለበት። በበሩ ላይ የሚቀረው ቀዳዳም ውኃ እንዳያስገባ መደፈን ይኖርበታል።

አራተኛው ከቱቦ በሮች ጋር የሚመጣው ስፖኪዮ ነው። የቱቦ በር ከብረት ቱቦ ተበይዶ የተሠራ፣ መስኮት የሌለውና መሬቱን ለማየት የሚያስችል ክፍት በር ነው። ሙሉ በር ባይሆንም ተሳፋሪው ከመቀመጫው እንዳይወጣ የሚያግድ ነገር ስለሚኖረው ጨርሶ ባዶ ከሆነው ጎን የተሻለ ነው። ስፖኪዮው ከቱቦው ጋር በማቀፊያ ይታሰራል። የበሩ መቆለፊያ በደንብ የማይገጥም ከሆነ በሩ ይንቀጠቀጣል፤ ስፖኪዮውም አብሮ ይንቀጠቀጣል።

ከእነዚህ በተጨማሪ ሰፊ የውስጥ መስታወት የሚገጥሙ ባለቤቶች አሉ። ሰፊው መስታወት ጠቃሚ ረዳት ቢሆንም የጎን ስፖኪዮን ሊተካ አይችልም። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ በአሜሪካ ለሚመረቱ አዳዲስ ቀላል ተሽከርካሪዎች ግዴታ የሆነው የኋላ ካሜራም እንዲሁ ወደ ኋላ ሲነዳ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ከጎን ተሽከርካሪ መኖሩን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ያላቸው አዳዲስ ራንግለሮችም ቢሆኑ የማስጠንቀቂያው መብራት የሚገኘው በስፖኪዮው ላይ በመሆኑ በሩ ሲነቀል መብራቱም አብሮ ይሄዳል።

መጠንና ቅርጽ

ለበር አልባ ጉዞ ከሚሸጡት ስፖኪዮዎች ብዙዎቹ ክብ ናቸው። ክብ መስታወት ከላይ የተጠቀሰውን የ126 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት እንዲያሟላ የጎን ለጎን ስፋቱ 12.7 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት። ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ ክብ መስታወት 79 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህም ከተጠቀሰው መጠን ከሁለት ሦስተኛ ያነሰ ነው። ስለሆነም ገዥው በዕቃው ላይ የተጻፈውን መጠን ማየትና በሜትር መለካት ይገባዋል።

ትንሽ መስታወት የሚያሳየውን ስፋት ለመጨመር አንዳንድ አምራቾች ጎባጣ ያደርጉታል። ጎባጣ መስታወት ብዙ ቦታ ያሳያል፤ በዚያው ልክ የሚመጣውን መኪና አሳንሶና አርቆ ስለሚያሳይ አሽከርካሪው ጊዜ ያለው መስሎት ረድፍ ሊቀይር ይችላል። በአሽከርካሪው በኩል ዝርግ፣ በተሳፋሪው በኩል ደግሞ ጎባጣ ማድረግ ከፌዴራሉ ደረጃ ጋር የሚጣጣም፣ ለዓይንም የተለመደ አደራረግ ነው።

አገጣጠምና አስተካከል

ስፖኪዮ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን በአግባቡ ካልታሰረ ጥቅም አይሰጥም። የሚንቀጠቀጥ መስታወት ከኋላ የመጣው መኪና ሩቅ ይሁን ቅርብ ለመለየት አያስችልም። አጭርና ወፍራም ክንድ ያለው ስፖኪዮ ከረጅምና ቀጭኑ ያነሰ ይንቀጠቀጣል። በመያዣውና በአካሉ መካከል የጎማ ሮንዴላ ማስገባት ንዝረትን ይቀንሳል፤ ቀለም እንዳይላጥም ይረዳል። ብሎኑን በሚገባ ማጥበቅ፣ እንዳይላላም ለዚሁ የተዘጋጀ ማጣበቂያ መቀባት ይመከራል። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ብሎኖቹን እንደገና መፈተሽ ሊዘለል የማይገባው ተግባር ነው።

በሩን በመንቀል ረገድ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ትውልድ ላይ የሚያስፈልገው የመፍቻ መጠን በማጠፊያው ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ መፍቻውም ከመኪናው ጋር ይሰጣል። በሩ ከመነሳቱ በፊት ወደ በሩ የሚገባው የኤሌክትሪክ ሽቦና በሩ ከልክ በላይ እንዳይከፈት የሚይዘው ማሰሪያ መለያየት አለባቸው። በዚሁ ትውልድ ላይ የፊት መስታወቱ ቢታጠፍም የውስጡ መመልከቻ መስታወት በቦታው እንዲቆይ የሚያደርግ ተሻጋሪ ብረት ተሠርቶለታል። ቀደም ባሉት ሞዴሎች ላይ ግን የፊት መስታወቱን የሚያጥፍ አሽከርካሪ የውስጡን መስታወት ዕይታም ስለሚያጣ በጎን ስፖኪዮዎቹ ላይ ያለው ጥገኝነት ሙሉ ይሆናል።

ስፖኪዮውን ለማስተካከል እ.ኤ.አ. በ1995 ለአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር በቀረበ ጽሑፍ የተብራራው ዘዴ ለበር አልባ ተሽከርካሪም ያገለግላል። አሽከርካሪው ቀበቶውን አስሮ በመቀመጫው ላይ እንዳለ ራሱን ወደ ግራ፣ የበሩ መስታወት ሊኖር ይችል ወደነበረበት ቦታ፣ ዘንበል አድርጎ የመኪናውን ጎን ጫፍ ብቻ እስኪያይ ድረስ የግራውን ስፖኪዮ ያስተካክላል። ለቀኙ ደግሞ ራሱን ወደ መኪናው መካከል አዘንብሎ ተመሳሳዩን ያደርጋል። ቀና ብሎ ሲቀመጥ የገዛ መኪናውን ጎን አያይም፤ በምትኩ ከጎን ያለውን ረድፍ ያያል። ከኋላ የመጣ መኪና ከውስጡ መስታወት ሲወጣ በጎኑ ስፖኪዮ ውስጥ መታየት፣ ከዚያም ሲወጣ በዓይን መታየት ይኖርበታል። ይህ ቅብብል ከተቋረጠ ስፖኪዮው ትንሽ ነው፣ ወይም በትክክል አልተስተካከለም ማለት ነው። ሙከራው ተሽከርካሪው በቆመበት፣ ሌላ ሰው በጎኑ እንዲራመድ በማድረግ ሊከናወን ይችላል።

ከንድፍ የሚገኝ መፍትሔ

ፎርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ያደረገውና በ2021 ማምረት የጀመረው አዲሱ ብሮንኮ ለችግሩ ከመነሻው መልስ የሰጠ ነው። የብሮንኮ ስፖኪዮ የታሰረው በበሩ ላይ ሳይሆን ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው የተሽከርካሪው አካል ላይ ነው። በሩ ሲነቀል ስፖኪዮው በነበረበት ይቆያል፤ ባለቤቱም ተጨማሪ ዕቃ መግዛት አያስፈልገውም። በዚህ ረገድ ብሮንኮ በ1941 ወደነበረው የወታደራዊ ጂፕ አስተሳሰብ የተመለሰ ነው ማለት ይቻላል።

በኢትዮጵያ ከተሞች የሚታዩት ባለ ሦስት እግር ባጃጆችም ይህንኑ መርህ የተከተሉ ናቸው። ባጃጅ ሙሉ በር የሌለው በመሆኑ ስፖኪዮው በፊተኛው የአካሉ ክፍል በግራና በቀኝ ይታሰራል። ሸራው ቢወርድም ቢጠቀለልም የአሽከርካሪው ዕይታ አይለወጥም። ተሽከርካሪ የሚገዛ መሥሪያ ቤትም ሆነ የቴክኒክ መመዘኛ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ክፍሎቹ የሚነቀሉ ተሽከርካሪ ሲቀርብለት ሊጠይቀው የሚገባው ይህንኑ ነው። አንድ ክፍል ሲወልቅ ምን የደኅንነት መሣሪያ አብሮት ይወልቃል የሚለው ጥያቄ በመመዘኛው ሰነድ ላይ ከሰፈረ ጉድለቱን ከግዥ በፊት ማረም ይቻላል።

በሩ ከነስፖኪዮው ለሚነቀል ተሽከርካሪ ባለቤት ግን ኃላፊነቱ በእጁ ነው። ለአንድ ቀን ጉዞ በማጠፊያው ቀዳዳ የሚገባው ዓይነት ሊበቃው ይችላል። ወቅቱን ሙሉ ያለ በር የሚነዳ ከሆነ በብሎን የሚታሰረው ወይም የፋብሪካውን ስፖኪዮ የሚያዛውረው መያዣ ይሻለዋል። የትኛውንም ቢመርጥ የግዛቱ ሕግ አንድ መስታወት ብቻ የሚጠይቅ ቢሆንም እንኳ በሁለቱም ጎን መግጠም፣ በአውራ ጎዳና ፍጥነት የማይንቀጠቀጥ መሆኑን ማረጋገጥና ከጉዞ በፊት ብሎኑን በእጁ መፈተሽ ይጠበቅበታል።